በሽታውን የደበቀ፦ የድርቅ፣ የወረርሽኝና የዜና ታሪክ በኢትዮጵያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለአንድ ሰው ነው። ሕመሙን አፍሮ ወይም ፈርቶ የሸሸገ ሰው ሐኪምም ሆነ ዘመድ ሊረዳው እንደማይችል ለመምከር ይነገራል። አነጋገሩ ግን ለአገርም ይሠራል። አንድ ሕዝብ በድርቅ፣ በረሃብና በወረርሽኝ በተጠቃ ቁጥር የሚሞተውን ሰው ብዛት የሚወስነው የዝናቡ ማነስ ወይም የበሽታው ክፋት ብቻ አይደለም። አደጋው መቃረቡን ማን ቀድሞ እንዳወቀ፣ ያወቀው ለማን እንደ ነገረ፣ የሰማውም ምን ለማድረግ እንደ ቻለ ጭምር ይወስነዋል።

በዛሬው ዘመን የአየር ንብረት ለውጥና የሕዝብ ጤና ግንኙነት የዓለም አቀፍ ጉባኤዎች መነጋገሪያ ሆኗል። በኢትዮጵያ ግን የሰማይ ጠባይና የሰው ጤና መያያዛቸው አዲስ ዕውቀት አይደለም። ዝናብ ሲያጥር ሰብል ይጠፋል፤ ሰብል ሲጠፋ ሰውነት ይደክማል፤ የደከመውም ሰው እህልና ውሃ ፍለጋ ከቀየው ወጥቶ በአንድ ስፍራ ሲከማች ተስቦው፣ ኩፍኙና ተቅማጡ ይከተሉታል። ዝናብ ያለ ልማዱ ሲበዛና ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ወባ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ በዓይን የማይታይ አንድ ቀለበት አለ፤ እርሱም ወሬ ነው። ከምዕት ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ እንደሚያሳየው ሰንሰለቱን ለመበጠስ ከሁሉ ይልቅ የሚቀለው በዚህ ቀለበት ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ሳይበጠስ ቀርቷል።

ከጋዜጣ በፊት

በቀድሞው ዘመን ወሬ ሁለት መንገዶች ነበሩት። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የቤተ መንግሥት ቃል ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ ቀን ይታወጃል። ከታች ወደ ላይ ለሚወጣው የሕዝብ ቃል ደግሞ ነገሥታቱና መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር በአፈ ታሪክ ይነገራል። እረኛው በመስክ የሚያንጎራጉረው ግጥም የአገሩን ብሶት፣ የሰማዩን ሁኔታና የገዢውን አበሳ ያለ ፍርሃት ይናገራል ተብሎ ይታመን ነበርና። የአዋጁ መንገድና የእረኛው መንገድ ሁለቱም ክፍት በሆኑ ጊዜ መንግሥትና ሕዝብ ይተዋወቃሉ፤ አንደኛው በተዘጋ ጊዜ ግን አደጋ ሳይታይ ይደርሳል።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን የዚህ ትልቅ ምሳሌ ነው። የመከራው መነሻ ደስታ በመባል የሚታወቀው የቀንድ ከብት በሽታ ነበር። በሽታው የኢጣሊያ ጦር በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ተነሥቶ ወደ መሐል አገር ገባ፤ ከአገሪቱም ከብት 90 በመቶ ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ ተሳነው። በዚያው ወራት ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች መጡ። ከረሃቡ ጋር ፈንጣጣ፣ ተስቦና ኮሌራ ተከታትለው ወረዱ። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው እንዳለቀ የሚገምቱ ጸሐፊዎች አሉ። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬም ቢሆን መሬቱን እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መሥራታቸው በታሪክ ተመዝግቧል። ይህ ሥራ ንጉሡ በአካል የሰጡት ማስታወቂያ ነበር ለማለት ይቻላል፤ የሚሰማው ግን ያየውና ካየው የሰማው ብቻ ነበር። በሽታው በነጋዴና በዘማች መንገድ ከወሬው ፈጥኖ ይጓዝ ስለ ነበር፣ አንዱ አውራጃ ከብቱን ለይቶ ለማቆየት ወይም እህሉን ለማኖር የሚያስችለው ቃል ሳይደርሰው መቅሠፍቱ ይደርስበት ነበር።

ከዚያ በኋላ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። በከተማዋ 10,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ድነዋል። ሳምንታዊው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1917 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ያ ሁሉ እልቂት በተፈጸመ ጊዜ ለከተማው ሕዝብ የጤና ምክር በየሳምንቱ የሚያደርስ የአማርኛ ጋዜጣ አልነበረም። ሕዝቡ ግን የራሱን መታሰቢያ አበጀለት፤ በሽታውን የኅዳር በሽታ ብሎ ሰየመው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀንም ቆሻሻ ተጠርጎና ተከምሮ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ይህ ነው።

ይህን ልማድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁሉ ሊመረምረው ይገባል። ያለ ራዲዮና ያለ ጋዜጣ፣ አንድ የጽዳት ትእዛዝ ከበዓል ጋር ተቆራኝቶ ከመቶ ዓመት በላይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። ማንም የመገናኛ ዘዴ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው የጤና መልእክት አስተላልፏል ለማለት ያስቸግራል። ነገር ግን መልእክቱ ከነትርጉሙ አልተላለፈም። ጢስ የኢንፍሉዌንዛን ተሕዋስ አያጠፋም፤ እንዲያውም በዛሬይቱ ሰፊ ከተማ ላይ ፕላስቲክና ጎማ ተቀላቅሎበት የሚነሣው ጢስ ራሱ ሳንባን ይጎዳል። ከዚህ እንደሚታየው ምን ማድረግ እንዳለበት ብቻ የተነገረው ሕዝብ ሥርዓቱን ይጠብቃል፤ ለምን እንደሚያደርገው ያወቀ ሕዝብ ግን ዘመኑ ሲለወጥ ዘዴውንም ይለውጣል።

ወባ ወደ ደጋ በወጣ ጊዜ

ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባሉት ወራት ውስጥ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የደረሰው የወባ ወረርሽኝ፣ የአየር ጠባይ መለዋወጥ በሕዝብ ጤና ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ከሚያሳዩት የአፍሪካ ታሪኮች ሁሉ ጎልቶ የሚጠቀስ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ያለ ልማዱ በዛ፤ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበትም ከፍ አለ። ወባን የማያውቀው ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያውቀው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ የሚኖረው ሕዝብ ባልጠበቀው በሽታ ተመታ። በኋላ በ1953 ዓ.ም. ግድም የታተመው ጥናት 3 ሚሊዮን ያህል ሰው መታመሙንና 150,000 ያህል መሞቱን ገምቷል።

የቆላው ሰው ንዳድን ያውቀዋል፤ ወቅቱንና ምልክቱን ይለያል፤ በሚብስበት ወራት ወደ ደጋ ይሸሻል። የደጋው ሰው ግን «ወባ የቆላ በሽታ ነው» ብሎ ያመነ ስለ ነበር በራሱ ቤት ሲነሣ ስሙን እንኳ አላወቀውም። ያን ጊዜ ዝናቡን የሚለካው አንድ ወገን፣ ሕመምተኛውን የሚቆጥረው ሌላ ወገን፣ ለሕዝብ የሚናገረውም ሦስተኛ ወገን ሲሆን፣ ሦስቱን የሚያገናኝ ድልድይ አልነበረም። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ የመርጨት ሥራውም ተጀመረ። መድኃኒቱ ተገኘ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ገና ብዙ ዘመን መጠበቅ ነበረበት።

የወሎ ዝምታ

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ዝናብ በቀረ ጊዜ ሁኔታው ከክፉ ቀን ዘመን ፈጽሞ የተለየ ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይታተም ነበር፤ የኢትዮጵያ ራዲዮ ይሰማ ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህም ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ይታይ ነበር። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና ረሃብተኛው በተሰለፈበት አገር መካከል ያልፋል። የግብርና ሚኒስቴር ጥናትም የሰብሉን መጥፋት ቀደም ብሎ አመልክቶ ነበር። ስለሆነም ወሬው ጠፍቶ አልነበረም፤ ታፍኖ ነበር።

በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ መምህራን አንዳንዶቹ ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱና በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩት። ያም ሥዕል እንደ ልብ ለሰፊው ሕዝብ እንዲደርስ አልተፈቀደም። ጋዜጦቹ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር ነበሩ፤ የዜና ሰዎችም የሚጻፈውንና የማይጻፈውን ለይተው ያውቁ ነበር። በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነገሩ በዓለም ሁሉ ተሰማ። የሟቾቹ ቁጥር ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል።

ያው ፊልም ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ ዓይን የደረሰው ዐሥራ አንድ ወር ያህል ዘግይቶ ነው። የመጣውም ለሌላ ሥራ ነበር። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ በቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ በሚያሳዩ ምስሎች እየተቆራረጠ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። በፊልሙ የታዩት ረሃብተኞች በእውነት የተራቡ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሲታይ አብዛኞቹ የሚድኑበት ጊዜ አልፎ ነበር። ዜናው በጊዜው ቢነገር ኖሮ እህል ያመጣ ነበር፤ ዘግይቶ በመነገሩ ግን ያመጣው የመንግሥት ለውጥ ነው።

የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1981) ባሳተሙት መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምረው፣ በአገሪቱ በአጠቃላይ የነበረው እህል እጅግ እንዳልቀነሰና የተራበው ገበሬ የመግዛት ዐቅም ስላጣ እህል ከወሎ እንኳ ወደ ሌላ ስፍራ ይወጣ እንደ ነበር አስረድተዋል። እኒሁ ሊቅ በኋላ በጻፏቸው ሥራዎች፣ ነፃ ፕሬስና ተጠያቂ መንግሥት ባለበት አገር ታላቅ ረሃብ ደርሶ እንደማያውቅ ተከራክረዋል። የወሎ ታሪክ ለዚህ ክርክር ዋነኛ ማስረጃ ከሚሆኑት አንዱ ነው።

ከኮረም የወጣው ሥዕል

ከወሎው እልቂት በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ፤ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ተዘረጋ። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. 450,000 ቶን እህል እንዲሰጠው ለጋሽ አገሮችን ለመነ። ለጋሾቹ ቁጥሩን ተጠራጠሩ። በአገር ውስጥም የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓልና የኢሠፓ ምሥረታ ዝግጅት ጋዜጣውንም፣ ራዲዮውንም፣ አደባባዩንም ሞልቶት ስለ ነበር የረሃቡ ነገር ሥፍራ አላገኘም። ረሃብን ደብቀሃል ብሎ ሌላውን ከሥልጣን ያወረደ መንግሥት፣ በዐሥረኛ ዓመት በዓሉ ላይ በዚያው ነቀፋ ሥር ወደቀ። የተማረው የከተማ ሰው ስለ ገዛ አገሩ ለማወቅ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ከፍቶ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ይጠብቅ ነበር።

በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የሥዕል ሰው መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረምና ከመቐለ ያመጡት ዘገባ በለንደን ታየ። ዘገባው በ425 የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተላልፎ 470 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው ይገመታል። በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅትም የዚያ ዘገባ ፍሬ ነበር። እህልና ገንዘብ ጎረፈ፤ ብዙ ሕይወትም ተረፈ። ይሁን እንጂ የሟቾቹ ቁጥር ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድረስ ይገመታል።

ለጤና ባለሙያ ከዚህ ዘገባ ይልቅ የሚያሳስበው በሥዕሉ ውስጥ ያልታየው ነገር ነው። ካሜራው ያሳየው አጥንቱ የወጣ ሰውነትን ነበር፤ ስለሆነም ያየው ሁሉ «እህል ላኩ» አለ። በመጠለያው ግን አብዛኛውን ሰው ይገድል የነበረው ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምችና ተስቦ ነው። በዚያው ዘመን በሱዳን ዳርፉር የደረሰውን ረሃብ ያጠኑት አሌክስ ደ ቫል፣ ሞቱ በቀጥታ ከምግብ እጥረት ይልቅ ሰው በመከማቸቱና ንጹሕ ውሃ በማጣቱ ከተዛመተው በሽታ ይመጣ እንደ ነበር አሳይተዋል። ክትባት፣ ውሃና ሰዎችን በአንድ ስፍራ ሳያከማቹ በየቀያቸው መርዳት ከእህል ጭነት ጋር እኩል አስፈላጊዎች ነበሩ። ነገር ግን ያልተቆፈረ የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ያልተሰጠ የኩፍኝ ክትባት ለካሜራ አይመችም። ዜና የሚታየውን አደጋ ይናገራል፤ የሕዝብ ጤና ሥራ ግን አብዛኛው በማይታየው ላይ ነው። ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ አልጠበበም።

ስሙን መለወጥ

መደበቅ ዘወትር ዝም በማለት ብቻ አይሆንም፤ ስም በመለወጥም ይሆናል። ኮሌራ ዓለም በሙሉ የሚፈራው ስም ነው። አንድ መንግሥት ኮሌራ ገባብኝ ሲል ንግዱና ጎብኝው እንዳይቀንስበት ይሠጋል። በ1998 እና በ1999 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተዛመተው በሽታ በይፋ ሲነገር «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተብሎ ነበር፤ ከዚያም በመጀመሪያ ፊደሎቹ ታጥሮ «አተት» የሚል አዲስ ቃል በአማርኛ ውስጥ ተወለደ።

ቃሉ በአንድ በኩል ጠቅሟል። የሕመሙን ምልክት በግልጽ ስለሚናገር ገበሬውም የቀን ሠራተኛውም ያለ ሐኪም ማብራሪያ ተረድቶታል፤ ውሃ አፍልቶ መጠጣትና እጅ መታጠብ ከዚህ ስም ጋር አብሮ ተሰብኳል። በሌላ በኩል ግን ስሙ ፍርሃቱን ሲቀንስ ጥንቃቄውንም አብሮ ሊቀንስ ይችላል፤ የጎረቤት አገርና የዓለም የጤና ተቋማትም በስሙ ካልተጠራ በሽታ ጋር አብረው ለመታገል ይቸገራሉ። በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ግን በሽታው በይፋ ኮሌራ ተብሎ ተነገረ። ስሙ በመጠራቱ ሕዝቡ ይታወካል የሚለው የቆየ ሥጋት ያህል ነገሩ አስፈሪ ሆኖ አልተገኘም። ሕዝብ እውነቱን ሲሰማ ከሚደነግጠው ይልቅ የተደበቀውን ከጊዜ በኋላ ሲያውቅ የሚደነግጠው ይብሳል።

ትንበያውና ገበሬው

የሳይንሱ ዕውቀት ከ1970ዎቹ ወዲህ እጅግ ተራምዷል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የሚታየውና ኤልኒኖ የሚባለው የውሃ መሞቅ የኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ እንደሚቀንስ ታውቋል። የብሔራዊ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትም ይህን በመመልከት የየወቅቱን ትንበያ ሲያወጣ ኖሯል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. እጅግ ብርቱ ኤልኒኖ በደረሰ ጊዜ፣ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑ በይፋ ተነገረ። ቁጥሩ ከ1977 ዓ.ም.ው የበለጠ ቢሆንም የዚያን ዘመን እልቂት የመሰለ ነገር አልደረሰም። መንገድ፣ የሴፍቲኔት መርሐ ግብርና በየቀበሌው የተሰማሩት ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ አስተዋጽኦ አድርገዋል፤ ቁጥሩ በጊዜው መነገሩም እንዲሁ። ያም ሆኖ በውሃ እጥረት ምክንያት እከክና አተት ተዛምተዋል።

የሙቀቱ መጨመር ጉዳይ ከድርቁ ይልቅ ስውር ነው። በ2006 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፣ በደብረ ዘይት አካባቢ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታ እንደሚወጣ በመረጃ አስረድቷል። የ1951 ዓ.ም.ው ወረርሽኝ ያስተማረው ትምህርት በዚህ ተረጋግጧል። ከጥር 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደግሞ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ለዚህም ጦርነቱ፣ የመድኃኒቱ መላመድ፣ አዲሱ የከተማ ትንኝና የአየሩ ሁኔታ በአንድነት ምክንያት ሆነው ይጠቀሳሉ። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ያሉት አርብቶ አደሮች ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ቀርተውባቸዋል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የወጣ የሳይንቲስቶች ጥናትም ይህን የመሰለ ድርቅ የመድረሱ ዕድል በሰው ሠራሽ የአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ቢያንስ 100 ጊዜ ያህል መጨመሩን ገልጿል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ወደ ገበሬው የሚደርሰው በምን ቋንቋ ነው? የወቅት ትንበያ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በታች» እየተባለ በዕድል ስሌት ይነገራል። ገበሬው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ማሽላ ልዝራ ወይስ ጤፍ ልጠብቅ? በሬዬን አሁን ልሽጥ ወይስ ልያዝ? የቦረና ሽማግሌ የታረደውን ከብት አንጀት አይቶና ከዋክብትን ቆጥሮ ሲናገር የሚሰጠው ቃል ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰሚው የሚያውቀው ሰው በሚያውቀው ቋንቋ የተናገረው ነው። በራዲዮ የሚነበበው ትንበያ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰሚ ሊያጣ ይችላል።

የራዲዮ ኃይል በራሱ አያጠያይቅም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሕዝቡ በቤቱ እንዲነጋገር ማድረጉ ይታወቃል። ድራማው የሰበከው በመመሪያ ቋንቋ አልነበረም፤ ሰሚው የሚያውቃቸውን የመሰሉ ሰዎች ሲሳሳቱና ሲማሩ እያሰማ ነበር። ስለ ሙቀት፣ ስለ ወባና ስለ ውሃ የሚነገረውም በዚሁ ዓይነት ከጎረቤት ሕይወት ሊቀዳ ይችላል።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ በየዘመኑ የተዘጋው የወሬ መንገድ የተለያየ እንደ ነበር ያሳያል። በክፉ ቀን ዘመን መንገዱ ራሱ አልነበረም። በ1951 ዓ.ም. የሰማዩን የሚያውቅና የሕመምተኛውን የሚያውቅ አልተገናኙም። በወሎው ረሃብ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ቃል ታፈነ። በ1977 ዓ.ም. ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ተሰማ፤ ነገር ግን ዘግይቶና ግማሹን ብቻ ይዞ ነበር። ዛሬ ደግሞ ዕውቀቱ ከላይ ሞልቶ ሳለ ወደ ታች ሲወርድ ይደርቃል፤ የታችኛውም ምስክርነት ወደ ላይ ሲወጣ የሚጠብቀው ጆሮ ብዙ አይደለም።

የአየር ንብረት ለውጥ ከረሃብ ይልቅ ለዜና የማይመች ጉዳይ ነው። በአንድ ቀን አይደርስም፤ በአንድ ሥዕል አይታይም፤ ተጠያቂውም በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ አይገኝም። ትንኟ በየዓመቱ ጥቂት ሜትር ወደ ላይ ትወጣለች፤ ምንጩ በየዓመቱ ጥቂት ቀን ቀድሞ ይደርቃል። ይህን በጊዜው ሊያይ የሚችለው በስፍራው ያለው ሰው ነው፤ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ፣ ገበሬውና የዝናብ መለኪያውን የሚያነብበው ሰው ናቸው። ጋዜጠኛውና ሐኪሙ እነዚህን ሰዎች ቀርበው ካልጠየቁ የሚቀጥለውም ወረርሽኝ እንደ ቀደሙት ሁሉ ስሙ የሚታወቀው ሰው ከቀበረ በኋላ ይሆናል። የቀድሞዎቹ ነገሥታት እረኛ ምን እንዳለ መጠየቃቸው ለእረኛው ክብር ሲሉ ብቻ አልነበረም፤ መስኩን ያየው እርሱ በመሆኑ ነበር።